ሐዘንን የማይሸሽ ደስታ፦ መዝሙረ ዳዊት በክርስቲያን ጸሎት ውስጥ

ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ፣ ለተሰሎንቄ ምእመናን በላከው የመጀመሪያ መልእክት መዝጊያ ላይ ዘወትር እንዲደሰቱ፣ ጸሎት እንዳያስታጉሉ፣ በሚደርስባቸውም ነገር ሁሉ ምስጋና ከአፋቸው እንዳይጠፋ አከታትሎ ያዛቸዋል። ሦስቱ ትእዛዛት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለክርስትና የጸሎት ትምህርት ጥንታዊ መሠረት ቢሆንም፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ አንድ ከባድ ጥያቄ ሲያስከትል ኖሯል፤ ደስታ እንዴት ይታዘዛል? ሰው ምጽዋት ስጥ፣ ጹም፣ ዕዳህን ክፈል ቢባል ትእዛዙን የሚፈጽምበት እጅና አንደበት አለው፤ ደስ ይበልህ ሲባል ግን ስሜቱ እንደ እጁ የሚታዘዝለት አይደለም። መልእክቱን የተቀበሉት ሰዎችም ለደስታ የሚመች ኑሮ አልነበራቸውም፤ በገዛ ወገኖቻቸው የሚሳደዱ፣ ከመካከላቸው ስላንቀላፉት ዘመዶቻቸው የሚያዝኑ መሆናቸውን መልእክቱ ራሱ ይመሰክራል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በአገላለጽ ቢለያይም በፍሬ ነገሩ ይቀራረባል። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ደስታን ከፍቅር ቀጥሎ በመንፈስ ፍሬዎች መካከል ቈጥሮታል፤ ፍሬ ደግሞ የሚገኘው ተክሉን በመንከባከብ እንጂ ፍሬውን ራሱን በመጎተት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የምዕራቡ መምህር ቶማስ አኵናስም ደስታ ራሱን የቻለ በጎ ምግባር ሳይሆን ከፍቅር የሚመነጭ ውጤት ነው ሲል ያስተምራል፤ ስለዚህም ደስታን ለብቻው ነጥሎ የሚያሳድድ ሰው ከምንጩ ይርቃል። በሰው ሥልጣን ሥር ያለው ጸሎቱ ነው፤ ደስታው ግን ከጸሎቱ በኋላ፣ አንዳንዴም ብዙ ዘግይቶ፣ ሳይጠሩት ይመጣል። ይህ አሳብ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ግን ክርስቲያኖች ለዘመናት ጸሎትን የተማሩበትን መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ ጠጋ ብሎ መመርመር ይጠይቃል።

መዝሙረ ዳዊት በኢትዮጵያ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ንባቡን የሚያጠነክረው፣ ማንበብ መቻሉም የሚመሰከርለት ዳዊት ሲደግም ነው፤ በዚህም ምክንያት በአገሪቱ ለብዙ ዘመናት «ዳዊት ደገመ» ማለት «ማንበብ ቻለ» ከማለት ጋር አንድ ነበር። ብራናው በቆዳ ማኅደር ተከቶ በትከሻ ይነገታል፣ በመንገድና በዘመቻ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው መጽሐፍም ይኸው ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 አሳትሞታል።

መጽሐፉ ለጸሎት የሚከፋፈልበት መንገድ ለተያዘው ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። 150ው መዝሙራት በ15 ክፍል ይመደባሉ፤ አሥር አሥር መዝሙር የሚይዘው እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ደግሞ የጸሎተ ነቢያትና የመኃልየ መኃልይ ቀን ነው። በምዕራብም ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት መዝሙራቱ በሙሉ በየሳምንቱ እንዲጸለዩ ደንግጓል፤ የቀደሙት አባቶች በአንድ ቀን ይፈጽሙት የነበረውን እኛ ታካቾች በሳምንት እንኳ እንጨርሰው የሚል ወቀሳ ቢጤም አክሎበታል። ሁለቱ ሥርዓቶች በሩቅ አገሮች ቢያድጉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የሚጸልየው ሰው ለዕለቱ ስሜቱ የሚስማማውን መዝሙር መርጦ አያነብም፤ መዝሙሩ በተራው ይመጣል፣ ሰውየው ይቀበለዋል።

እንዲህ በተራ የሚመጣው ደግሞ ሁሉም ውዳሴ አይደለም። መዝሙራቱን በዓይነታቸው ለይቶ በማጥናት የሚታወቀው ጀርመናዊ ሊቅ ሄርማን ጉንክል (እ.ኤ.አ. 1862–1932) ከዓይነቶቹ ሁሉ የሚበዛው የሰቆቃ መዝሙር መሆኑን አሳይቷል፤ ከመጽሐፉ ሲሶ ያህሉ የታመመ፣ የተከዳ፣ በሐሰት የተከሰሰ፣ እግዚአብሔር የረሳው የመሰለው ሰው ጩኸት ነው። የምስጋና መጽሐፍ ተብሎ በሚጠራ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያህል አቤቱታ መኖሩ አንባቢን ሊያስገርም ይገባል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የእነዚህ አቤቱታዎች አካሄድ ነው። ለምሳሌ 12ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ ቈጠራ 13ኛው፤ የግእዙ ዳዊት የሰብአ ሊቃናትን ቍጥር ስለሚከተል በአብዛኛው በአንድ ይቀንሳል) በጣም አጭር ነው፤ ተናጋሪው እስከ መቼ እንደሚረሳ፣ እስከ መቼ ፊት እንደሚነሣ አራት ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ሞት እንዳይወስደው ይማጸናል፣ ወዲያውም ልቡ በማዳኑ ሐሤት እንደሚያደርግና እንደሚዘምር ተናግሮ ያበቃል። በጩኸቱና በዝማሬው መካከል ምን እንደተለወጠ መዝሙሩ አንዲት ቃል አይነግርም፤ ጠላቱ እንደሸሸ፣ ሕመሙ እንደለቀቀው የሚያመለክት ነገር የለም።

ይህን ድንገተኛ መዞር ለማስረዳት ብዙ ተሞክሯል። ዮአኪም ቤግሪክ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ባቀረበው ጥናት፣ በጥንታዊቷ እስራኤል ቤተ መቅደስ ባለጉዳዩ አቤቱታውን ሲጨርስ ካህኑ አትፍራ የሚል የእግዚአብሔር ቃል ይነግረው እንደነበረ፣ ይህ የካህኑ ቃል በመዝሙሩ ውስጥ ሳይጻፍ በመቅረቱ መዞሩ ድንገተኛ መስሎ እንደሚታይ ገምቷል። ክላውስ ቬስተርማን ደግሞ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተደረገውን ከመገመት ይልቅ የመዝሙሩን ውስጣዊ ጉዞ ተከትሎ፣ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ልመና ሁልጊዜ ወደ ውዳሴ መንገድ ላይ መሆኑን አስተምሯል። ዋልተር ብሩግማን እ.ኤ.አ. በ1980 በጻፈው ጥናት ተመሳሳይ ጉዞ በሰው ሕይወት ውስጥ ተመልክቷል፤ ሰው ኑሮው በተረጋጋበት ጊዜ የሚዘምረው አለ፣ ኑሮው በተናጋበት ጊዜ የሚጮኸው አለ፣ ከመናጋቱ ወጥቶ በማያውቀው አዲስ ሥፍራ ሲቆም የሚዘምረው ደግሞ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ከሦስቱ የቤግሪክ አስተያየት በማስረጃ ረገድ የሳሳ ነው፤ ካህኑ የተናገረው ስለመኖሩ መዝሙሩ ራሱ ምስክር አይሆንም። ነገር ግን ሦስቱም የሚያዩት አንድ ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት ደስታ የሐዘን ተቃራኒ ሆኖ ከውጭ አይገባም፣ ሐዘኑ ለእግዚአብሔር ተነግሮ ሲያልቅ ከዚያው ጸሎት ውስጥ ይወጣል። ያልተነገረ ሐዘን ግን መዞሪያ አያገኝም።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ አቡነ ሰላማን የሾመው አባት፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መርቄሊኖስ ለተባለ ወዳጁ ስለ መዝሙራት ረጅም ደብዳቤ ጽፎለታል። መርቄሊኖስ ከሕመም በኋላ መጽሐፉን ማጥናት ጀምሮ ነበር። አትናቴዎስ እንደሚለው የሌሎቹን መጻሕፍት ቃል አንባቢው የሙሴ ወይም የነቢያት ቃል አድርጎ ይሰማል፤ መዝሙራትን ሲያነብ ግን ቃሉ የራሱ ይሆናል፣ የነፍሱንም መልክ እንደ መስተዋት ያየበታል። አምስት ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህልም በስደት ያሳለፈ ሰው ይህን መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። በደብዳቤው የተለያየ ችግር ለገጠመው ሰው የሚስማማውን መዝሙር እየለየ የሚያመለክትበት ረጅም ክፍል አለ፤ ዛሬም በኢትዮጵያ ብዙ ምእመናን ለየችግራቸው መዝሙር የሚመርጡበት ልማድ ከዚህ ዓይነት አባታዊ ምክር የራቀ አይደለም፤ እርግጥ ነው፣ ልማዱ አንዳንድ ጊዜ መዝሙሩን ከጸሎትነት አውርዶ እንደ ክታብ ወደ መቈጠር እንደሚያዘነብል መካድ አይቻልም።

እንግዲህ የተራው ንባብ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በችግሩ መጠን መዝሙር የሚመርጥ ሰው ከገዛ ስሜቱ አጥር አይወጣም፤ ያዘነው ሁልጊዜ ሐዘንን፣ የተደሰተው ሁልጊዜ ደስታን ያነባል። በተራ የሚደግም ሰው ግን ሰርግ ባለበት ሳምንት የታሰረ ሰው ልቅሶ ይደርሰዋል፣ ልጁን በቀበረበት ሳምንት ደግሞ ቅዳሜ ሲደርስ ፍጥረት ሁሉ እንዲያመሰግን የሚጠሩትን የመጨረሻዎቹን መዝሙራት በራሱ አንደበት ያነባል። በዚያች ቀን የሚያነበው ውዳሴ ከልቡ ጋር አይገጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ስታውሰው ልቡ እስኪደርስበት ድረስ እንዲይዘው ነው። የተደሰተውም ሰው የሌላውን ልቅሶ በአፉ ሲሸከም ደስታው ጎረቤቱን ከመርሳት ይጠበቃል። ጸሎት በግል ክፍል ውስጥ ቢደረግም የማኅበር ሥራ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀኑ ሰዓታትም በዚሁ መንፈስ የተደራጁ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት የሚያዝዛቸው ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፣ ማለትም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት፣ ለምእመኑ የሚያስታውሱት በአብዛኛው የክርስቶስን ሕማም ነው፤ በ6 ሰዓት መሰቀሉ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱ፣ በ11 ሰዓት ከመስቀል መውረዱና መቀበሩ ይታሰባል። በመስቀል ላይ የጸለየው 21ኛው መዝሙርም ራሱ በመተው ጩኸት ተጀምሮ በጉባኤ መካከል በሚቀርብ ምስጋና የሚያበቃ ነው። የክርስቲያን ደስታ መሠረቱ ትንሣኤ ከሆነ፣ ወደ እርሱ የሚወስደው የዕለቱ መንገድ በዓርብ በኩል እንዲያልፍ መደረጉ የተጠና ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓት ያለው ጸሎት የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም መሰልቸት ነው። ስለዚህ ጠላት ከ4ኛው መቶ ዓመት መነኮሳት መካከል የግብፁ በረሓ ነዋሪ ኤቫግርዮስን (እ.ኤ.አ. 345–399) የሚያህል በጥልቀት የጻፈ የለም። ኤቫግርዮስ እንደሚተርከው ይህ መንፈስ መነኩሴውን ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ይከበዋል፤ ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት የሆነ ይመስለዋል፣ በመስኮት ደጋግሞ ያያል፣ መብል የሚቀርብበት 9 ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው ይለካል፣ ከዚያም በዓቱን፣ የእጅ ሥራውንና ወንድሞቹን ይጠላል፣ ሌላ ቦታ ቢሄድ የተሻለ እንደሚጸልይ ያስባል። (የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሰዓት ለመረዳት መቀየር አያስፈልገውም፤ የጥንቱ አቈጣጠርና የአገሩ አቈጣጠር አንድ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰውም መነኩሴው ፀሐይን ለምን እንደሚመለከት አይጠፋውም።) ስሙን «የቀትር ጋኔን» ያሰኘው በ90ኛው መዝሙር ላይ ያለው አነጋገር ነው።

ኤቫግርዮስ ያዘዘው መድኃኒት ከመዝሙራት የተወሰደ ነው። በዚህ ሰዓት መነኩሴው ነፍሱን በሁለት ከፍሎ አንደኛዋ አጽናኝ፣ ሌላዋ ተጽናኝ እንዲያደርጋት ይመክራል፤ ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርበውም የማክሰኞ ዕጣ የሆነውን 41ኛውን መዝሙር ነው፣ በዚያ መዝሙር ተናጋሪው የገዛ ነፍሱን ለምን እንዳዘነች ጠይቆ በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግ ያዝዛታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዚህ ትምህርት መደምደሚያ ነው። ሌሎች ክፉ አሳቦች ሲሄዱ ሌላ ተከትሏቸው ይመጣል፤ ይህኛው ግን ታግለው ሲያሸንፉት በኋላው የሚከተል ጠላት የለውም፣ ነፍስ ሰላምንና በቃል የማይነገር ደስታን ትቀበላለች ይላል። እንግዲህ ደስታው የሚገኘው ጸሎት በጣፈጠበት ሰዓት ሳይሆን፣ ጸሎት ከጣዕሙ ባዶ በሆነበት ሰዓት ከቦታው ያልተነሣ ሰው ዘንድ ነው ማለት ነው። ብዙ ምእመናን ጸሎት ሲከብዳቸው ጸጋ እንደራቃቸው ቈጥረው የሚያቋርጡት በትክክል በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ በኤቫግርዮስ ልኬት ቢታይ ግን ያቋረጡት ለበሩ ጥቂት ሲቀራቸው ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው በጉባኤ የሚተረጐሙት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይህን ትምህርት በሶርያውያን አባቶች በኩል ያስፋፉታል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚታወቀው ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው፤ ትውልዱ የዛሬዋ ኳታር ባለችበት የባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመልሷል። በእነዚህ አባቶች ትምህርት እንባ የጸሎት መጨረሻ አይደለም፣ ደጃፍ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ስለ ኃጢአቱ የሚያፈሰው መራራ እንባ አለ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስገድደው ከፍቅር ብዛት የሚፈስ ጣፋጭ እንባ ይመጣል። በሲና ገዳም የኖረው ዮሐንስ ዘሰዋስውም በ30 ደረጃዎች በከፈለው መጽሐፉ ሰባተኛውን ደረጃ ደስታን ለምትወልድ ሐዘን ሰጥቷል። ሐዘንና ደስታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው መኖር መቻላቸው ለነዚህ አባቶች የሚያስጨንቅ ተቃርኖ አልነበረም፤ የንስሓ ሐዘን ከተስፋ መቍረጥ የሚለየው ደስታን ማርገዙ ነውና።

የቤተ ክርስቲያን የዓመት ሥርዓት ይህንኑ በአካል ያስተምራል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከበሮና ጸናጽል ተቀምጠው ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይመራል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ጾምም ስግደትም የለም። የኋለኛው ሥርዓት ጥንታዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ 20ኛው ቀኖና በእሑድና በበዓለ ኃምሳ ቀናት ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ያዝዛል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ከፊል መልስ ያገኛል፤ ደስታ እንደ ስሜት ባይታዘዝም እንደ አቋቋም ይታዘዛል። ምእመኑ ምንም ቢሰማው ቆሞ እንዲጸልይ፣ ከበሮው እንዲመታ፣ ሃሌ ሉያ እንዲባል ይደረጋል፤ አካል ቀድሞ ይሄዳል፣ ልብ ይከተላል።

አካል በጸሎት ውስጥ ያለውን ድርሻ የሕክምና ተመራማሪዎችም አጥንተዋል። ሉቻኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ 23 ሰዎች የእመቤታችንን የሰላምታ ጸሎት በላቲን በመቍጠሪያ ሲደግሙ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ዝግ ማለቱን፣ ከልብ ምትና ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ የሰውነት ሥርዓትም መሻሻል ማሳየቱን ዘግበዋል። የዮጋ ቃል ሲደግሙም ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። ይህ ለጸሎት አክባሪዎች መልካም ዜና ቢመስልም ከሚገባው በላይ ሊለጠጥ አይገባም፤ የረጋ አተነፋፈስ ለጸሎት ምቹ ወንበር ነው እንጂ ሐዋርያው የተናገረለት ደስታ አይደለም፤ ያ ደስታማ የሚጸልየው ሰው ከአምላኩ ጋር ካለው ፍቅር የሚወለድ ነው።

ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያሳየው የጳውሎስ የራሱ ሕይወት ነው። በፊልጵስዩስ ከሲላስ ጋር ተገርፎ እግሩ በግንድ ተጣብቆ ሳለ በመንፈቀ ሌሊት ሲጸልዩና ሲዘምሩ እስረኞች ይሰሟቸው እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። ከዓመታት በኋላ ለዚያችው ከተማ ክርስቲያኖች መልእክት ሲጽፍም እስረኛ ነበር፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ባላት በዚያች መልእክት ደስታና መደሰት የሚሉት ቃላት በግሪኩ 16 ጊዜ ይገኛሉ። ሆኖም ጳውሎስ የለመነው ሁሉ የተሰጠው ሰው አልነበረም፤ ሥጋውን የሚወጋ መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ጌታን እንደለመነና እንዳልተወገደለት ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። የተሰጠው መልስ ሌላ ነበር፤ ጸጋ እንደሚበቃው። ደስታው በልመናው መፈጸም ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ያበቃ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ተመሳሳይ መንገድ የተጓዘው ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 መዝሙራት የመጽሐፍ ቅዱስ የጸሎት መጽሐፍ ናቸው የምትል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት የናዚ መንግሥት ምንም ጽሑፍ እንዳያሳትም ከለከለው። በሚያዝያ 1943 ታስሮ በበርሊን ቴግል እስር ቤት ሳለ ለወላጆቹ በላከው ደብዳቤ መዝሙራትን እንደ ቀድሞው በየቀኑ እንደሚያነብ ገልጿል፤ እስከ ተሰቀለበት እስከ ሚያዝያ 1945 ድረስ ይህ ልማዱ ደግፎታል። በኢትዮጵያም የደርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው፣ ዝማሬያቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ቀጠሉ፤ ሲዘጋ አምስት ሺሕ ያህል የነበረው የአባላት ቍጥር መንግሥቱ በወደቀበት በ1991 ከ34 ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቍጥር ደስታን አይለካም፤ ነገር ግን በፍርሃት ብቻ ወደተሞላ ቤት ይህን ያህል ሰው አይጨመርም።

ከዚህ ሁሉ አንጻር ሲታይ በአሁኑ ዘመን በብዙ መድረኮች የሚሰማው የደስታ ስብከት አንድ ነገር ጎድሎታል። ምእመኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እንዲያጨበጭብ፣ ሐዘኑን በር ላይ ትቶ እንዲገባ፣ ፊቱ ካልፈካ እምነቱ እንደጎደለ እንዲያስብ ይደረጋል። ይህ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ ድካም አይደለም፤ በወዲያኛው ወገን ደግሞ ጸሎትን ዕዳ አድርጎ የቈጠረ፣ የዕለቱን ንጉሥ ጨርሶ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ በመመለሱ ብቻ የሚረካ ሰው አለ። የፊተኛው መዝሙራቱን ከውዳሴያቸው ብቻ ይጀምራል፤ የኋለኛው ሰቆቃውንም ውዳሴውንም ያለ ልብ ያልፋቸዋል። መዝሙረ ዳዊት ለሁለቱም አይመችም፤ ለፊተኛው ገና አልቅስ፣ ለኋለኛው ገና ስማ የሚል መጽሐፍ ነውና።

ሥራ የሚበዛበት የከተማ ሰው የሳምንቱን ሥርዓት በሙሉ መጠበቅ ባይችል፣ በቀን አንድ ንጉሥ ቢደግም በ15 ቀን መጽሐፉን ይፈጽማል፤ እርሱም ቢከብደው የንስሓ አባቱን አማክሮ ከዚያ ያነሰ ሊይዝ ይችላል፣ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም በጽሞና ጊዜ በቀን አንድ መዝሙር በተራ የማንበብ ልማድ አለ። መጠኑ ሳይሆን ተራው ነው የሚጠቅመው፤ መዝለል ከተጀመረ መጀመሪያ የሚዘለሉት የሚያስጨንቁት መዝሙራት ይሆናሉ።

ከሚዘለሉትም ግንባር ቀደሙ 87ኛው ሳይሆን አይቀርም። ከሰቆቃ መዝሙራት ሁሉ አንዳች የተስፋ መዞሪያ ሳያሳይ በጨለማ የሚያበቃው እርሱ ብቻ ነው፤ ተናጋሪው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፣ ወዳጆቹ ርቀውታል፣ መልስ የለም፣ መዝሙሩም በዚያው ያልቃል። መጻሕፍትን የሰበሰቡ አባቶች መዝሙሩን አላወጡትም፣ ደስ የሚል መጨረሻም አልጨመሩለትም፤ ደስታ ያልመጣለት ጸሎት ጸሎትነቱ እንዳልተሻረ በዚህ አጽድቀዋል። ዳዊት በሚደግም ሰው ሥርዓት ግን 87ኛው ለብቻው አይነበብም። የሐሙስ ዕጣ ነውና፣ ከ81 እስከ 90 በሚዘልቀው ንጉሥ ውስጥ ከፊቱ 86ኛው፣ ከኋላው የእግዚአብሔርን ምሕረት ለዘላለም በመዘመር የሚጀምረው 88ኛው ይገኛሉ፤ የኤቫግርዮስ የቀትር ጋኔን የተጠቀሰበት 90ኛውም በዚያው ንጉሥ መጨረሻ ላይ ነው። በጨለማው መዝሙር ላይ ልቡ የቀረ ሰው እንኳ የዕለቱን ተራ ለመፈጸም ገጹን ይገልጣል፣ የሚቀጥለውንም ያነባል።